ታኮ፣ ቡሽና ሐኪም፦ የሴቶች የክት ጫማና የሕክምና ጫማ የጋራ ታሪክ

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እንዲሁም በገርጂና በመገናኛ አካባቢ ባሉ የገበያ ማእከላት የመስታወት መደርደሪያዎች ውስጥ ዓይን ከሚስቡ ዕቃዎች አንዱ የሴቶች የክት ጫማ ነው። ለሠርግ፣ ለምረቃና ለበዓል የሚመረጠው ይህ ጫማ ታኮው ረጅም፣ አፍንጫው ሹል፣ ወገቡ ቀጭን ነው። በሐኪም ዘንድ ስሙ የሚነሣው ግን በአብዛኛው ከጉዳቱ ጋር ተያይዞ ነው። የአውራ ጣት መጣመም፣ የፊት እግር ሕመም፣ የቁርጭምጭሚት ወለምታ ወይም የጉልበት ሕመም በተነሣ ቁጥር ተከሳሽ ሆኖ ይቀርባል። በዚያው ከተማ ደቡብ ምዕራብ፣ ዘነበወርቅ በሚገኘው አለርት ሆስፒታል ደግሞ ለታመመ እግር ታስቦ የሚሠራ ሌላ ጫማ አለ። እርሱም ሕመምን የሚያቃልል፣ ቁስልን የሚከላከል፣ ነገር ግን ለውበቱ ማንም የማይመርጠው ጫማ ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል።

ሁለቱ ጫማዎች የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ታሪካቸው ግን የአንድ ቤት ታሪክ ነው። የክት ጫማና የሕክምና ጫማ የተሠሩት በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ በአንድ ዓይነት ቁሳቁስና በአንድ ጥያቄ ላይ ተመሥርተው ነው፤ ጥያቄውም የሰው ክብደት በእግር ላይ እንዴት ያርፋል የሚል ነው። ከዚህም በላይ በዚህ የጋራ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ ሳታስበው የገባችበት አንድ ምዕራፍ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ በአጭሩ አቅርቦ ለዛሬው ሐኪም የሚሰጠውን ትምህርት ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግራና ቀኝ የሌለው ጫማ

ረጅም ታኮ ሲጀመር የሴት ጌጥ አልነበረም። በፋርስ ፈረሰኞች ዘንድ እግር ከእርካብ እንዳይንሸራተት ያገለግል የነበረ ሲሆን፣ ወደ አውሮፓ በ1600 ገደማ ሲገባም በቅድሚያ የወንድ መኳንንት መለያ ሆነ። ሴቶች የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ ቀደም ብሎ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የቬኒስ ሴቶች ከእግር በታች ሙሉውን ከፍ ያለ ወፍራም ጫማ ይጫሙ ነበር። ከእነዚህም መካከል እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ከፍታ ያላቸው በቤተ መዘክር ተጠብቀው ይገኛሉ።

የታኮ መምጣት በጫማ አሠራር ላይ አንድ ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። ጫማ የሚሰፋው የእግር ቅርጽ ባለው እንጨት፣ ማለትም በፎርማ ላይ ነው። ታኮ ላለው ጫማ ግራና ቀኝ የተለያየ ፎርማ ማዘጋጀት አድካሚና ውድ ሆኖ በመገኘቱ፣ ለ200 ዓመታት ያህል ብዙው ጫማ ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ ቀጥ ያለ ፎርማ ተሠራ። በሌላ አነጋገር ጫማው እግሩን መምሰሉ ቀርቶ እግሩ ጫማውን እንዲመስል ተገደደ።

ይህን ሁኔታ በሕክምና ዓይን አይቶ ከጻፉት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ የኔዘርላንዱ የአናቶሚ ሊቅ ፔትሩስ ካምፐር ነው። ካምፐር በ1781 ስለ ጫማ ትክክለኛ ቅርጽ ባሳተመው ድርሰት ሰዎች ለፈረሶቻቸው ኮቴ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ለራሳቸው እግር እንደነፈጉት ወቅሶ፣ ከፍ ያለ ታኮ የሴቶችን አቋቋምና አረማመድ እንዴት እንደሚለውጥ አስረድቷል። ከእርሱ 77 ዓመታት በኋላ፣ በ1858፣ የዙሪክ የአናቶሚ ፕሮፌሰር የነበረው ኸርማን ፎን ማየር ጉዳዩን ወደ ልኬት አወረደው። በጤናማ እግር ከአውራ ጣት መካከል ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚሰመር ቀጥ ያለ መስመር በተረከዝ መካከል ማለፍ አለበት አለ። ሹል አፍንጫ ያለው ጫማ ይህን መስመር ይሰብራል፤ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ወደ ጓደኞቹ ይገፋል። የማየር መስመር እየተባለ የሚጠራው ይህ ሐሳብ በጊዜው ለነበሩ ጫማ ሰፊዎች የደረሰ ቀላል የአናቶሚ ትምህርት ነበር።

ሐኪሙ ወደ ጫማ ሰፊው ቤት ሲገባ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአጥንት ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ሲመጣ ጫማ ከሕክምና መሣሪያዎች አንዱ ሆነ። ከወጌሻ ቤተሰብ የተወለደው የሊቨርፑሉ ሐኪም ኺው ኦወን ቶማስ በራሱ ወርክሾፕ የስብራት መደገፊያዎችን ያሠራ ነበር። በስሙ የሚጠራው የቶማስ ታኮ በውስጥ በኩል ወደ ፊት የተራዘመ ሲሆን ቅስቱ የወደቀን እግር ለመደገፍ የሚያገለግል ነው። በኒው ዮርክ ደግሞ ሮያል ዊትማን ለጠፍጣፋ እግር በጫማ ውስጥ የሚገባ የብረት መደገፊያ አስፋፋ። በጀርመን የቢርከንሽቶክ የጫማ ሰፊዎች ቤተሰብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የእግርን ቅርጽ የተከተለ ፎርማና ተጣጣፊ የውስጥ ሶል ማዘጋጀት ጀመረ።

ጉዞው ከሐኪም ወደ ጫማ ሰፊ ብቻ አልነበረም። በቺካጎ የጫማ መደብር ይሠራ የነበረው ዊሊያም ሾል የደንበኞቹን የታመመ እግር አይቶ ሕክምና ተማረ፤ በ1904 ተመርቆ የቅስት መደገፊያውን ለገበያ አቀረበ። የእርሱ ዕውቅና ሌላም ነገር ያሳያል፤ የእግር ጤና ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል ማለት ነው። በዚሁ መንፈስ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ የጫማ መደብሮች ውስጥ የደንበኛው እግር በጫማው ውስጥ ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ የኤክስሬይ ሣጥን ተተከለ። ሕፃናትና ሻጮች ያለ በቂ መከላከያ ለጨረር ሲጋለጡ ኖረው መሣሪያው የተከለከለው በአብዛኛው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ሳይንሳዊ መምሰልና ሳይንሳዊ መሆን የተለያዩ ነገሮች ስለመሆናቸው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የኢትዮጵያ ጦርነትና የቡሽ ታኮ

ይህ ሁሉ ሲሆን የክት ጫማ ሠሪው ከሐኪሙ ርቆ አልተቀመጠም። የሁለቱን ሙያ በአንድ ሰው ውስጥ ያገናኘው በ1898 በደቡብ ጣሊያን ቦኒቶ በተባለች መንደር የተወለደው ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ነው። በልጅነቱ ጫማ ሰፊነትን ተምሮ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ለሆሊዉድ የፊልም ተዋንያን ጫማ ሠራ። ጫማዎቹ ያምሩ ነበር፤ ነገር ግን ያምሙ ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ በሎስ አንጀለስ የሰውነት አናቶሚ ተከታተለ። ከዚያ ትምህርት የወሰደው ዋና ሐሳብ፣ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱ በእግሩ ቅስት ላይ እንደሚያርፍና ጫማም መደገፍ ያለበት ይህንኑ ስፍራ እንደሆነ ነው። ስለዚህ በጫማው ወገብ ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ አስገባ። ዘንጉ ቅስቱን ስለሚሸከም ታኮው ቢረዝምም እግሩ ወደ ፊት የሚንሸራተተው ያነሰ ሆነ። በ1927 ወደ ጣሊያን ተመልሶ በፍሎሬንስ ወርክሾፕ ከፈተ።

የዘንጉ ጥቅም የተመሠረተው በጥሩ ብረት ላይ ነበር። በጥቅምት 1935 የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በኅዳር ወር የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ጣለ። ጣሊያን ብረቷን ለጦርነት አዋለች፤ ከውጭ የሚገባውም ቁሳቁስ አነሰ። ፌራጋሞ በኋላ በ1957 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ በእጁ የቀረው ብረት ጥራት የጎደለውና በቀላሉ የሚሰበር ሆነበት። ደንበኞቹ ጫማው ወገቡ ላይ እየተሰበረ ተመለሱለት። መፍትሔውን ያገኘው በሰርዴኛ ደሴት በሚበቅለው የቡሽ ዛፍ ነው። ከተረከዝ እስከ ፊት እግር ያለውን ባዶ ቦታ በተደራረበ ቡሽ ሞላው። ቅስቱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ቀርቶ ከሥሩ ሙሉ ድጋፍ ስላገኘ ዘንግ አላስፈለገውም። ይህን ሙሉ ታኮ በ1937 በፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገበው። በ1938 ለተዋናይት ጁዲ ጋርላንድ የሠራው ባለ ቀስተ ደመና ቀለም ጫማ የዚህ ዓይነቱ ታኮ ዝነኛ ምሳሌ ሲሆን፣ አሠራሩ ዛሬም በቦሌ መደብሮች መደርደሪያ ላይ በየወቅቱ ብቅ የሚል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። ሙሉ ታኮ ቅስትን ይደግፋል፤ ክብደትንም በሰፊ ስፍራ ላይ ያሳርፋል። ነገር ግን ተረከዙ ከፊት እግሩ እጅግ ከፍ ካለ ክብደት ወደ ፊት እግር መሸጋገሩን አያስቀርም። ስለዚህ ሕክምና አይደለም፤ ሆኖም የተነሣው ከሕክምና ዕውቀት ነው። የአጥንት ሕክምና ባለሙያዎችም አንድ እግሩ ላጠረ ሰው ጫማውን ከፍ የሚያደርጉት ለረጅም ዘመን በዚሁ በቡሽ ነበር፤ ቡሽ ቀላል፣ በቢላዋ የሚቀረጽና ድንጋጤን የሚያበርድ ነውና። ለፊልም ተዋናይት ቁመት የጨመረው ቁሳቁስና ለፖሊዮ ተጠቂ ሕፃን የእግሩን ርዝመት ያስተካከለው ቁሳቁስ አንድ ነው።

ታኮ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ

በፍሎሬንስ የቡሽ ታኮ በተወለደበት ወቅት አዲስ አበባ በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። ከዚያ ዘመን ትውስታ አንዱ በጫማ ሥራ ቋንቋ ውስጥ ይገኛል፤ ታኮ የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው፣ ማስቲሽም እንዲሁ። በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመናውያን ነጋዴዎች በአዲስ አበባ የጫማ ፋብሪካዎችን አቋቋሙ። በእነዚህ ፋብሪካዎች ሙያውን የቀሰሙ ኢትዮጵያውያን ከጊዜ በኋላ በመርካቶ የየራሳቸውን የጫማ ሥራ ቤት ከፍተው ልምዱን አስፋፉት።

ፎርማዎቹ የተቀረጹት ግን በውጭ አገር እግር ልክ ነው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ በባዶ እግሩ የሚሄድ ነበር። በባዶ እግሩ ያደገ ሰው የፊት እግሩ ሰፊ፣ ጣቶቹም የተዘረጉ ይሆናሉ። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ለእርሱ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው እንደሆነ በሰፊው ይታወቃል። ዓለም እንደ ተአምር ያወራው ይህ ክስተት ለሐኪም ቀላል መልእክት አለው፤ እግሩ ጤናማ ነበር፣ ልኩን ያላገኘው ጫማው ነው።

ጫማ ያላየ እግርና ጫማ የለመደ እግር ልዩነት በቁጥር የተገለጸው በሆንግ ኮንግ ተካሂዶ በ1958 በታተመ ጥናት ነው። ሲም ፉክና ሆጅሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ጫማ በሚጫሙና በማይጫሙ ቻይናውያን መካከል ባደረጉት ንጽጽር፣ የአውራ ጣት መጣመም ከሚጫሙት በ33 በመቶ ላይ ሲገኝ ከማይጫሙት ግን በ1.9 በመቶ ላይ ብቻ ተገኝቷል። እርግጥ ዝርያም ለዚህ ችግር አስተዋጽኦ አለው፤ ቢሆንም ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው።

የጫማው ፈተና የባሰው በ1950ዎቹ ቀጭን ታኮ በመጣ ጊዜ ነው። ሮዤ ቪቪዬ ለክርስቲያን ዲዮር በፓሪስ የሠራቸው ጫማዎች ፋሽኑን አስፋፉት። እንጨት ብቻውን ያን ያህል ሊቀጥን ስለማይችል በታኮው ውስጥ የብረት ዘንግ ገባ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ በጀመረበትና የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 ጄቶች በተረከበበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በዓለም ዙሪያ የአውሮፕላንና የቤተ መዘክር ወለሎች በቀጭን ታኮ መበሳታቸው የአስተዳዳሪዎች ራስ ምታት ሆኖ ነበር። ስሌቱ ግልጽ ነው። የ60 ኪሎ ግራም ክብደት ለቅጽበት በሙሉ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ታኮ ላይ ቢያርፍ በዚያች ስፍራ ላይ 60 ኪሎ ግራም ይጫናል። ያው ክብደት በ30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ጠፍጣፋ ተረከዝ ላይ ቢያርፍ ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 2 ኪሎ ግራም ነው። ወለል የማይችለውን ጫና አጥንትና ጅማት ይችላሉ ተብሎ አይጠበቅም።

ጫናው በእግር ብቻ አይወሰንም። ኬሪጋንና ባልደረቦቿ በ1998 በላንሴት መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 20 ጤናማ ሴቶች በረጅም ታኮ ሲሄዱ በጉልበት ውስጣዊ ክፍል ላይ የሚደርሰው የማጣመም ኃይል በባዶ እግር ከመሄድ ጋር ሲነጻጸር በ23 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ሰፊ ታኮ ያለው ጫማም ከዚህ ነጻ አለመሆኑን አሳዩ። ይህ ግኝት ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ነው። ሰፊ ታኮ ለመቆም ይመች ይሆናል፤ ለጉልበት ግን ከፍታው እንጂ ስፋቱ ወሳኝ አይደለም።

ለታመመ እግር የተሠራ ጫማ

የክት ጫማ በመሐል ከተማና በቦሌ ሲስፋፋ፣ በከተማው ሌላ ጫፍ ጫማ ፈጽሞ በተለየ ምክንያት ይታሰብ ነበር። በ1965 በዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሃድሶና ሥልጠና የአፍሪካ ማእከል ሆነ። የሥጋ ደዌ ነርቭን ሲጎዳ እግር ሕመም አይሰማውም። ሕመም የማይሰማው እግር ጠጠር ሲወጋው፣ ስፌት ሲፍቀው ወይም ጫማ ሲጠብበት ባለቤቱን አያስጠነቅቅም። ውጤቱ በእግር መዳፍ ላይ የሚወጣ ቁስል፣ ከዚያም የአጥንት መበላሸትና መቆረጥ ነው። በዚህ ረገድ በደቡብ ሕንድ ፖል ብራንድና ባልደረቦቹ ያስፋፉት መፍትሔ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎች ካሉት ለስላሳ ጎማ የተሠራ የውስጥ ሶልን ከጠንካራ የውጭ ሶል ጋር ማጣመር ነበር። የመርሁ ይዘት ከፌራጋሞ ጥያቄ የተለየ አይደለም፤ ክብደቱን በሰፊ ስፍራ ላይ አሳርፈው፣ አንድ ነጥብ ብቻውን እንዳይሸከም አድርገው።

በአለርት የሠራው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት ስለ ሥጋ ደዌ የእግር ቁስል ያጠና ሰው ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ያየው ሌላ የእግር በሽታ ግን ዋነኛ ሥራው ሆነ። በትል ያልመጣውን የዝሆኔ በሽታ ከእሳተ ገሞራ ከመነጨ ቀይ የሸክላ አፈር ጋር አያይዞ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስያሜ ሰጠው። በባዶ እግር የሚያርስና የሚኖር ሰው ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በቆዳው አልፈው የሊምፍ ቱቦዎቹን ያውካሉ። በ2012 የታተመ የዘረ መል ጥናት ደግሞ በበሽታው የመያዝ ተጋላጭነት በቤተሰብ እንደሚወረስ አጠናከረ። በ2013 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ቅኝት ከ129,000 በላይ አዋቂዎች ተመርምረው 4 በመቶ ያህሉ በሽታው ተገኝቶባቸዋል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ መጫማትና እግርን መታጠብ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ የተካሄደና በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ መጠቅለልና ካልሲና ጫማ ማድረግ የበሽታውን አጣዳፊ ትኩሳትና ሕመም በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አረጋግጧል።

ያበጠ እግር ግን ከመደብር መደርደሪያ ጫማ አያገኝም። በወላይታ በ1998 የተጀመረው የዝሆኔ ሕክምና ፕሮጀክት ከበሽተኞቹ መካከል ጫማ ሰፊዎችን በማሠልጠን በልክ የተሠራ ጫማ እንዲዳረስ አድርጓል። በ1962 በመናገሻ የተቋቋመው የቼሻየር ተሃድሶ ማእከልም በፖሊዮና በሌሎች ምክንያቶች እግራቸው ለተጎዳ ሕፃናት መደገፊያና ጫማ ሲያዘጋጅ ቆይቷል።

ውበት የሕክምና ጉዳይ ስለመሆኑ

እዚህ ላይ የሁለቱ ጫማዎች ታሪክ ከመለያየት ወደ መገናኘት ይመለሳል። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው ልዩ ጫማ ቁስልን ይከላከላል፤ ነገር ግን ከሩቅ የሚታወቅ በመሆኑ የተጫማውን ሰው ማንነት ያጋልጥ ነበር። ጫማው ራሱ የበሽታው ምልክት ሲሆን ሕመምተኛዋ ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ ስትወጣ ከቤት ትተወዋለች። የክት ቀን ማለት ብዙ የሚኬድበትና ብዙ የሚቆምበት ቀን ነው። በዚያ ቀን መከላከያው ከአልጋ ሥር ይቀራል ማለት ነው።

ይህን በመረዳት በገጠር ኢትዮጵያ የተካሄደና በ1996 የታተመ ጥናት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚሰጡ የጫማ ዓይነቶች መካከል ንጽጽር አደረገ። ከገበያ የሚገኝ የሸራ ጫማ ዋጋው ዝቅተኛ፣ በተጠቃሚዎቹም ዘንድ ተቀባይነት ያለው ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሸራ ጫማ ማንም ሰው ይጫማዋል። ጥሩው የሕክምና ጫማ የሕክምና ጫማ የማይመስለው ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ትምህርት ዛሬ ከሥጋ ደዌ ይልቅ በስኳር በሽታ ላይ ይሠራል። በስኳር በሽታ ነርቩ የተጎዳ እግር የሥጋ ደዌ እግር ወንድም ነው። በጣሊያን ተካሂዶ በ1995 የታተመ ጥናት ቀደም ሲል የእግር ቁስል የነበራቸው የስኳር ሕሙማን በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና የመቁሰል ዕድላቸው በሕክምና ጫማ 28 በመቶ፣ በተራ ጫማ ደግሞ 58 በመቶ እንደነበረ አሳይቷል። ይሁን እንጂ ጫማው የሚጠቅመው ሲደረግ ብቻ ነው። በኔዘርላንድ ተካሂደው በ2013 የወጡ ጥናቶች እንዳመለከቱት ሕሙማን በልክ የተሠራላቸውን ጫማ ከቤት ውጭ ለእርምጃቸው 87 በመቶ ሲጠቀሙበት በቤት ውስጥ ግን ወደ 61 በመቶ ይወርዳል። ጫማውን ከእርምጃቸው ቢያንስ በ80 በመቶ በተጠቀሙት መካከል ግፊቱ በልኬት የተስተካከለ ጫማ የቁስል መመለስን ከ48 ወደ 26 በመቶ ገደማ አውርዶታል።

በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ይደረጋል፤ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ለሠርግ ደግሞ የክት ጫማ ይወጣል። ስለዚህ ሕመምተኛዋ አንድ ጥቁር ጫማ ታዝዞላት ብትሄድ በቀኗ ውስጥ ያሉትን ሦስት የተለያዩ ሰዓታት አልተመለከትንላትም ማለት ነው።

ለሐኪሙ የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ በቀላሉ ሊተገበሩ የሚችሉ ጥቂት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ እግሯን የምታማ ወይም ስኳር ያለባት ሴት ስትመረመር በየዕለቱ የምታደርገውንና የክቷን ጫማ ይዛ እንድትመጣ መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛዋ በነጭ ወረቀት ላይ ቆማ የእግሯ ዙሪያ በእርሳስ ቢሰመርና ጫማው በላዩ ላይ ቢቀመጥ፣ ጫማው ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚጠብ ራሷ ታየዋለች። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ምርመራ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ነርቩ የተጎዳ እግር ያላት ሰው አዲስ ጫማ በጥቂት ሰዓታት እየጀመረች እንድትለምደው፣ ከመጫማቷ በፊት ውስጡን በእጇ እንድትዳብስ፣ ማታ ማታም እግሯን እንድትመረምር ማስተማር ያስፈልጋል። አራተኛ፣ ለቤት ውስጥ የሚሆን ለስላሳ ሶልና የተረከዝ ማሰሪያ ያለው ጫማ አብሮ መታዘዝ ይኖርበታል። አምስተኛ፣ ረጅም ታኮን ፈጽሞ መከልከል ከማይፈጸም ትእዛዝ ስለማያልፍ፣ ጤናማ እግር ላላት ሴት ከፍታውን መቀነስ፣ አፍንጫውን ማስፋት፣ የሚደረግበትንም ሰዓት ማሳጠር የተሻለ መንገድ ነው። ነርቩ ለተጎዳ እግር ግን ረጅም ታኮና ሹል አፍንጫ የተከለከለ መሆኑ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

ስድስተኛው ነጥብ ከሐኪሙ ክፍል ይወጣል። የጫማ ሥራ በአዲስ አበባ አቅራቢያ አዲስ ምዕራፍ የከፈተው በ2012 በዱከም የተጀመረው የሴቶች ጫማ ፋብሪካ ለአሜሪካ ገበያ ማምረት ሲጀምር ነው። በ2014 ሥራ በጀመረው በምሥራቅ አዲስ አበባ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከመጀመሪያዎቹ ገቢዎች መካከል ጫማ አምራች ነበረ። በእነዚህ ፋብሪካዎች ያለፉ ወጣት ሴቶች በሌላ አገር እግር ልክ በተቀረጸ ፎርማ ላይ ለሌላ አገር ሴቶች የክት ጫማ ሠርተዋል። እጃቸው የሚያምር ጫማ መሥራት ያውቃል። በአለርትና በመሰል ማእከላት ያሉ የኦርቶፔዲክ ጫማ ባለሙያዎች ደግሞ የታመመ እግር ምን እንደሚፈልግ ያውቃሉ። የጎደለው ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ሐኪም ነው። ካምፐር፣ ማየር፣ ቶማስና ፌራጋሞ በየዘመናቸው ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የሰርዴኛ ቡሽ የሴቶች ጫማ ታኮ የሆነው ኢትዮጵያ በተወረረችበት ጊዜ በተፈጠረ የብረት እጥረት ነው። ዛሬ በዚያችው አገር አንዲት ስኳር ያለባት እናት በልጇ ሠርግ ቀን ቁስል የማያመጣና የማያሳፍር ጫማ ብታገኝ፣ ያ ረጅም ታሪክ ለታመመው እግር ጠቀመ ለማለት ይቻላል። እስከዚያው ድረስ ለጫማ ማዘዣ ስንጽፍ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ይህን ጫማ ለክት ታደርገዋለች?